እንየው

ጥምቀት ካለፈ ወዲያ፣ በዘጠነኛው ቀን፣
ውሃው እየጎደለ ድንጋዩን ሲያሳየን፣
ከጥምቀተ ባሕሩ፣ ከግንቡ ጥግ ቀድቶ፣
የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣
አመጣልኝ እንየው።

ክዳኑን ስከፍተው የዋርካ ሥር ሸተተ።
«ኬላ ላይ ያዙኝ» አለ፤ «ባጃጇን አስቁመው፤
‹ምንድን ነው?› አሉኝ፤ ‹ውሃ ነው› ብላቸው፣
‹ውሃማ ውሃ ነው፤ ያንተስ ወገን ማነው?›
ምን ልበል፣ መምህርት?
ተጎነጨሁላቸው።»

ተጎነጨው! ስንቱን፣ ስንት ሺሕ ነፍስ ዋጠ!
እሱ ግን ይስቃል ጥርሱን እያገጠጠ።
«አብዛኞቹ ምንም አይሉህም» አልኩት፤
«ባላንቲዲየም ካለበት ግን
እኔ ሳልሆን ሆድህ ይነግርሃል።»

ማይክሮስኮፑ አሮጌ ነው፤ መብራት አያውቅም፤
መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ፀሐይ ግን አይንቅም።
አንድ ጠብታ ጣልኩ፤ ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዘዝኩና
አጥር አጠርኩበት፤ ሯጮች ናቸውና።
እንየው፣ ና እንየው።

ያ የጫማ ሶል የመሰለው፣ እየተሽከረከረ የሚያልፈው፣
ፓራሚሲየም ነው።
ዙሪያ ገባው ሽፋሽፍት፤ ዓይን ግን የለውም።
በሽፋሽፍቱ ይቀዝፋል፤
ጎኑ ላይ ባለችው ቦይ ምግቡን ጠርጎ ያሳልፋል።
ከቆዳው ሥር የታጨቁ ጦሮች አሉት፤ ሲነኩት ይወረውራል፤
ጦሩ ማንን እንዳዳነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እነዚያ ሁለት ኮከቦች፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት፣
ውሃ መድፊያው ናቸው።
ውሃ ውስጥ የሚኖር ውሃ ይሰርግበታል።
ክረምት በሚያፈስ ቤት፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
ሳፋ ደፍተው ሳፋ እንደሚተኩት ሁሉ፣
ይሞላል፣ ይደፋል፤
ይሞላል፣ ይደፋል።

አስኳሉም ሁለት ነው።
ትልቁ የዕለት መጽሐፍ፤ ጣት ያወዛው፣ ሰም የነጠበበት፣
መብላት መዋኘቱን፣ የዛሬን ኑሮውን የሚያነብበት።
ትንሹ ግን ብራና፤
ከማኅደሩ ሳይወጣ ዕቃ ቤት የሚያድር፣
ለሥራ የማይገለጥ፣ የሚጠበቅ ለዘር።

«ይሄስ? ደወል እኮ ነው! እግር ያበቀለ!»
ቮርቲሴላ ነበር፤ ጠረጴዛው ሲነካ ተጠቅልሎ ሸሸ።
«ደወል ከሆነማ የጎንደር ነው» አለ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣
መደብ (ሳቀ፤ የእናቱ ቤት የጭቃ መደብ ትዝ ብሎት ይሆን?)፣
ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣
ወገን።
እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ክሩ ሥር ሁለቱን ያየናቸው፤
አፍ ለአፍ ተጣብቀው፣
እንደ አንድ ታንኳ ቀስ ብለው ሲዞሩ።
የማይታየውን እኔ ነገርኩት፦
ትንሹ አስኳል ይከፈላል፤ ግማሹን ይሰጣል፣ ግማሹን ይቀበላል፤
ትልቁ፣ ያ የዕለት መጽሐፍ፣ ቅጠል በቅጠል ይበጣጠሳል፤
ከተቀላቀለው ብራና ሌላ መጽሐፍ ይገለበጣል።
ልጅ አይወለድም። ሁለት ገቡ፣ ሁለት ይወጣሉ፤
የገቡት ግን አይደሉም።

«ወገናቸውስ?»
«ወገናቸው ያው ነው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው።
እነሱ ራሳቸው ግን...» አልኩና አልጨረስኩትም።
ሃያ ዓመት አስተምሬው ማንም አልጠየቀኝም።

ፀሐይ ከመስተዋቱ ወረደች።
ደብተሩን አየሁት፦ «ወገን» ከሚለው ፊት ለፊት
ሁለት የጫማ ሶል፣ በሽፋሽፍት የተከበቡ፤
ቃል የለበትም።

«በዚያው ኬላ ነው መመለሻህ፤ ጠርሙሱን ተወው» አልኩት።
አልተወም። ወደ መስኮቱ አንስቶ አገላበጠው፤
ከውሃ በቀር ምንም አይታይም።
«ያው ‹አምጣ፣ እንየው› ይሉኛል» አለ፤
«በስሜ ከጠሩኝማ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ባጃጇ ስትነሳ ሰማሁ።
የጠብታው ጠርዝ መድረቅ ጀምሯል፤
ሁለቱ ገና አልተላቀቁም።
አንድ ጠብታ ጨመርኩላቸው።